ጃኪ ሮቢንሰን በሞንትሪያል፦ በታችኛው ሊግ የተከፈተው በር

መግቢያ

ስለ ቤዝቦል ልጽፍ ነው ስላችሁ ገና ከመጀመሪያው ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። እውነቱን ለመናገር እኔም ቤዝቦልን የማውቀው በፊልም ብቻ ነበር። የስፖርት ታሪክ መምህራችን፣ ካረፉ ብዙ ዓመት ከሆናቸው ታዋቂ ስፖርተኞች መካከል አንዱን መርጠን የሕይወት ታሪኩን እንድንጽፍ ሲያዙን መጀመሪያ ያሰብኩት አበበ ቢቂላን ነበር። አበበን ግን የክፍላችን ግማሽ ቀድሞኝ ወስዶታል። ስለዚህ ከስሙና ከ42 ቁጥር ማልያው በቀር ምንም የማላውቅለትን ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጃኪ ሮቢንሰንን ያዝኩ።

እንደሚታወቀው የሮቢንሰን ስም የሚነሳው ከ1947 ጋር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ ነጮች ብቻ ይጫወቱበት በነበረው ትልቁ ሊግ ውስጥ የመጀመሪያው የዘመኑ ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ሳነብ ግን ቀልቤን የሳበው ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ነው። በ1946 ሮቢንሰን የተጫወተው በትልቁ ሊግ ሳይሆን በታችኛው ሊግ፣ ለአሜሪካ ከተማም ሳይሆን ለካናዳዋ ሞንትሪያል ነበር። እንደኔ እንደኔ ዋናው ፈተና የተሰጠው እዚያ ነው። ፈታኙ ደግሞ ዳኛም አሰልጣኝም አልነበረም፤ በየከተማው ትኬት ቆርጦ የሚገባው ተራ ተመልካች ነበር። ይህን የምልበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ታችኛው ሊግ ሲባል

ታሪኩ እንዲገባን መጀመሪያ የአሜሪካን ቤዝቦል አደረጃጀት ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ አገር በእግር ኳስ ያሸነፈ ክለብ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። እዚያ ግን ክለብ በውጤቱ አያድግም፣ አይወርድም። የሚያድገውና የሚወርደው ተጫዋቹ ነው። ከላይ ሜጀር ሊግ አለ። ከሱ ሥር ደግሞ ማይነር ሊግ የሚባሉት ታችኛዎቹ ሊጎች በደረጃ በደረጃ ተደርድረዋል። የነዚህ ክለቦች መቀመጫ በብዛት መካከለኛና ትንንሽ ከተሞች ናቸው።

ይህን ሥርዓት ያስፋፋው ብራንች ሪኪ የተባለ ሰው ነው። ሪኪ በ1920ዎቹ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን ሲመራ ክለቡ ከሀብታሞቹ ጋር ተወዳድሮ ታዋቂ ተጫዋች የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ የትንንሽ ከተማ ክለቦችን እየገዛ ወይም እየተዋዋለ ወጣቶችን እዚያ ማሳደግ ጀመረ። አሜሪካውያን ይህን አሠራር እርሻ ይሉታል፤ ለኛ ግን ችግኝ ጣቢያ ብንለው ይቀርበናል። ችግኙ በትንሿ ከተማ ይበቅላል፣ ሲጠነክር ወደ ትልቁ ክለብ ይነቀላል።

ለከተማው ሰው ግን ክለቡ ችግኝ ጣቢያ ብቻ አልነበረም። ቴሌቪዥን በየቤቱ ሳይገባ በፊት የበጋ ምሽት መዝናኛ፣ የከተማው ስም መጠሪያ፣ ከጎረቤት ከተማ ጋር መፎካከሪያ ነበር። በ1949 በሰሜን አሜሪካ 59 ታችኛ ሊጎች ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች በበሮቻቸው ገብቷል። አስቡት፣ ይህ ሁሉ ሰው የሄደው ዝነኞቹን ለማየት አይደለም፤ የሰፈሩን ክለብ ለማየት ነው።

በ1887 የተዘጋ በር

ሮቢንሰን በ1946 የገባበት ሊግ ኢንተርናሽናል ሊግ ይባላል። ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ይላል። እኔን ያስደነቀኝ ነገር በሩ የተዘጋውም እዚያው መሆኑ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥቂት ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ክለብ ይጫወቱ ነበር። ከነሱ አንዱ ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ ክለብ በዘመኑ ትልቅ በሚባል ሊግ ተሰልፏል። በኋላም ወደ ኢንተርናሽናል ሊግ መጣ። ጁላይ 14 ቀን 1887 የሊጉ ክለቦች ተሰብስበው ከእንግዲህ ለጥቁር ተጫዋች አዲስ ውል እንዳይሰጥ በድምፅ ወሰኑ። ዎከር በሰራኪዩስ ክለብ እስከ 1889 ቆየ፤ ከሱ በኋላ ግን በዚያ ሊግ ለሃምሳ ሰባት ዓመት ጥቁር ተጫዋች አልታየም። በትልቁ ሊግም የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ሁሉም ተግባብቶ በሩን ዘጋው። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ክለቦችና ሊጎች አቋቁመው መጫወት ቀጠሉ።

እንግዲህ ሮቢንሰን የተወለደው ይህ በር ከተዘጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አስተዳደጉ

ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን ጃንዋሪ 31 ቀን 1919 በጆርጂያ ግዛት፣ ካይሮ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። ወላጆቹ በሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ሕፃን ሳለ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። እናቱ ማሊ ግን እጅ አልሰጠችም፤ በ1920 አምስቱንም ልጆቿን ይዛ በባቡር ካሊፎርኒያ ገባች። ፓሳዴና በምትባል ከተማ በሰው ቤት እየሠራች በነጮች ሰፈር ቤት ገዛች። ጎረቤቶቹ ሊያስነሷቸው ሞከሩ፤ እሷ ወይ ፍንክች።

ታላቅ ወንድሙ ማክ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦወንስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያ አገኘ። ወደ ፓሳዴና ሲመለስ ያገኘው ሥራ ግን መንገድ መጥረግ ነበር። ይህን ያየ ታናሽ ወንድም፣ ጎበዝ መሆን ብቻውን በር እንደማይከፍት በልጅነቱ ገብቶታል ብዬ አስባለሁ።

ጃኪ ራሱ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአራት ስፖርቶች፣ በአሜሪካን ፉትቦል፣ በቅርጫት ኳስ፣ በአትሌቲክስና በቤዝቦል፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራጭ ተጫዋች ሆነ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ተማሪ እሱ ነው። ከአራቱ የደከመበት የትኛው ነበር ብትሉኝ ቤዝቦል!

በ1942 ለውትድርና ተጠራ፤ በ1943 መጀመሪያ ሁለተኛ ሌፍተናንት ሆነ። ጁላይ 6 ቀን 1944 ቴክሳስ ውስጥ ካምፕ ሁድ በተባለው ጦር ሰፈር አውቶቡስ ተሳፍሮ ሳለ ሹፌሩ ተነስቶ ወደ ኋላ እንዲቀመጥ አዘዘው። ሮቢንሰን አልነሳም አለ። ጉዳዩ ከፍ ብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ኦገስት 2 ቀን ነፃ ወጣ። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሮቢንሰንን በተፈጥሮው ታጋሽ፣ አንገቱን የደፋ ሰው አድርጎ ያስበዋል። አልነበረም። ቱግ የሚል፣ መብቱን የማያስነካ ሰው ነበር።

የሦስት ሰዓቱ ውይይት

ከውትድርና በኋላ በ1945 ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ለሚባለው የጥቁሮች ክለብ መጫወት ጀመረ። በዚያ ጊዜ ብራንች ሪኪ የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ሆኖ ነበር። ኦገስት 28 ቀን 1945 ሮቢንሰንን ብሩክሊን ወደሚገኘው ቢሮው አስጠራው። ውይይቱ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሪኪ እንደ ተዋናይ እየሆነ፣ አንድ ጊዜ ተሳዳቢ ተመልካች፣ አንድ ጊዜ አላስገባም የሚል የሆቴል ሠራተኛ፣ ሌላ ጊዜ ሆን ብሎ የሚረግጥ ተጋጣሚ እየመሰለ ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ አሳየው። ከዚያም አጸፋ እንዳይመልስ ቃል አስገባው። ሮቢንሰን 26 ዓመቱ ነበር። ቃሉን ሰጠ።

ዶጀርስ ሮቢንሰንን በቀጥታ ወደ ላይ አላመጣውም። ከ1939 ጀምሮ ችግኝ ጣቢያው ወደ ነበረው ሞንትሪያል ሮያልስ ላከው። ውሉ ኦክቶበር 23 ቀን 1945 ሞንትሪያል ላይ ይፋ ሆነ፤ በወር 600 ዶላርና የፊርማ 3,500 ዶላር። ሪኪ አስልቶበታል። ሞንትሪያል የዘር መለያየት በሕግ ከሚሠራበት ከደቡቡ አሜሪካ ርቃ የምትገኝ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆነ ከተማ ናት። ሙከራው እዚያ ቢጀመር ይሻላል ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሪኪን መልአክ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ለሞናርክስ ለተጫዋቻቸው ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። የጥቁሮቹ ክለቦች ከዚያ በኋላ ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን እያጡ፣ ተመልካችም እየራቃቸው ቀስ በቀስ ከሰሙ። በር ሲከፈት የሚፈርስ ቤትም አለ ማለት ነው።

ፍሎሪዳ

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1946 ሮቢንሰን ራሄል ኢሱምን አገባ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ለቅድመ ውድድር ልምምድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ዴይቶና ቢች፣ ፍሎሪዳ ተነሱ። ኒው ኦርሊንስ ላይ ከአውሮፕላን አስወረዷቸው። ፔንሳኮላ ላይ እንደገና አስወረዷቸው። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሹፌሩም መጥቶ ወደ ኋላ ሂዱ አላቸው።

ያ በ1944 አልነሳም ብሎ ጦር ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ራሄል በጨለማ አለቀሰች። እኔ ይህንን ቦታ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ፈሪ ሰው ዝም ቢል ምንም አይገርምም። መናገር የሚችል፣ ተናግሮም ያሸነፈ ሰው ለሌላ ዓላማ ብሎ ሆድ ይፍጀው ሲል ግን ዋጋው ሌላ ነው።

በዚያ የልምምድ ወቅት ሮቢንሰን ብቻውን አልነበረም፤ ጆን ራይት የሚባል ሌላ ጥቁር ወርዋሪ አብሮት ነበር። ሳንፎርድ በምትባል ከተማ ሰዎች ሊያጠቋቸው እንደሚመጡ ተነግሯቸው በፍጥነት ከተማዋን ለቀው ወጡ። ጃክሰንቪል ለጨዋታ ሲሄዱ ስታዲየሙ ተቆልፎ ጠበቃቸው። ዴላንድ ደግሞ ጨዋታው የተሰረዘው የስታዲየሙ መብራት እየተጠገነ ነው ተብሎ ነው፤ ጨዋታው ግን በቀን ብርሃን የሚደረግ ነበር! ሰው ምክንያት ሲያጣ የሚለው አያጣም።

ዴይቶና ቢች ግን አልከለከለችም። ማርች 17 ቀን 1946 ሮቢንሰን በዚያች ከተማ ስታዲየም ከነጮች ጋር ተሰልፎ ተጫወተ። ያ ትንሽ ስታዲየም በኋላ በስሙ ተሰይሟል።

ኤፕሪል 18

የሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ጀርሲ ሲቲ ላይ ነበር። ሩዝቬልት ስታዲየም ጢም ብሎ ሞላ። ሮቢንሰን በመጀመሪያው ሙከራው ኳሷን መሬት ለመሬት መታት፤ ተያዘችና ወጣ። በሁለተኛው ግን ሁለት ጓደኞቹ ቤዝ ላይ ቆመው ሳለ ኳሷን ከአጥሩ ባሻገር ላካት። ሆም ራን! ዞሮ ሲመጣ የሚቀጥለው ተመቺ ጆርጅ ሹባ ቆሞ እየጠበቀው ነበር፤ ነጭ ነው። እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ያንን መጨባበጥ ፎቶግራፍ አንሺ ቀርጾታል። ዛሬ ስናየው ምን አለበት እንላለን፤ ያን ቀን ግን ጥቁርና ነጭ የአንድ ክለብ ሰዎች በሕዝብ ፊት ሲጨባበጡ ማየት ዜና ነበር።

ሮቢንሰን በዚያ ቀን በአምስት ሙከራ አራት ጊዜ በትክክል መታ፣ አራት ነጥብ አስቆጠረ፣ ሁለት ቤዝ ሰረቀ። ቤዝ መስረቅ ማለት ወርዋሪው ኳሷን ሲወረውር ጠብቆ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መሮጥ ነው። ሮቢንሰን ልሮጥ ነው፣ አልሮጥም እያለ ወርዋሪዎቹን ያስጨንቃቸው ነበር። ሮያልስ 14 ለ 1 አሸነፈ። በ1887 የተዘጋው በር በዚያው ሊግ ተከፈተ።

ሞንትሪያል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ራሄል ቤት ፍለጋ የሄደችው እምቢታ እየጠበቀች ነበር። ዴ ጋስፔ በሚባል መንገድ፣ ቤት ቁጥር 8232፣ ባለቤቷ ሴትዮ በፈገግታ ተቀብላ ሻይ አቀረበችላትና ቤቱን አከራየቻት። ሰፈሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩበት ነው። ራሄል ነፍሰ ጡር ነበረች። ያኔ ምግብ ገና በራሽን ካርድ የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር የጎረቤት ሴቶች ከራሳቸው ካርድ አካፈሏት፤ ልብስ በመስፋትም ረዷት። ልጆቹ ከገበያ ስትመለስ ዕቃዋን ይሸከሙላት ነበር። ቋንቋ አይግባቡም፣ ግን ጉርብትና ቋንቋ አይፈልግም። እኔ ይህን ሳነብ ያስታወስኩት የኛን ሰፈር አራስ ጥየቃ ነው።

ሞንትሪያል ገነት ነበረች እያልኩ አይደለም። ፍሬድ ክሪስቲ የሚባል ጥቁር የከተማዋ ነዋሪ በ1936 በከተማው የሆኪ አዳራሽ ውስጥ ባለ መጠጥ ቤት ቢራ ቢያዝ ለጥቁር አንሸጥም ተብሏል። ከሶ እስከ ካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1939 ፍርድ ቤቱ ባለቤቱ ለፈለገው ሰው ብቻ መሸጥ ይችላል ብሎ ፈረደበት። ያው ከተማ ነው እንግዲህ። ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ከተማ ሮቢንሰንን አቀፈ። እኔ ከዚህ የገባኝ ከተማ በተፈጥሮው ደግ ወይም ክፉ የሚባል ነገር እንደሌለው ነው። ሰዉ በየዕለቱ የሚያደርገው ነው ከተማውን የሚያደርገው።

አሰልጣኙ ክሌይ ሆፐር የሚሲሲፒ ሰው ነበር። ጥቁር ተጫዋች እንዳይሰጠው ሪኪን ለምኗል። የውድድሩ ዓመት ሲያልቅ ግን የሮቢንሰንን እጅ ጨብጦ በተጫዋችነቱም በሰውነቱም አመሰገነው። አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው።

ከሞንትሪያል ውጭ ሲጓዙ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ባልቲሞር ላይ የተመልካቹ ስድብ ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። ሰራኪዩስ ላይ አንድ ተጋጣሚ ጥቁር ድመት ወደ ሜዳ ወርውሮ ዘመድህ መጣልህ ብሎ ተሳለቀበት። ሮቢንሰን ለዳኛ ሳይከስ፣ ቃል ሳይመልስ፣ መልሱን በዱላው ሰጠ።

ዝምታው ግን ሰውነቱን በላው። በወቅቱ አጋማሽ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አልወርድ አለው። ሐኪሙ ያለፈው ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት ውሰድ አለው። ያኔ በሊጉ አንደኛ መቺ ስለነበር ሰዎች ደረጃውን ለመጠበቅ ብሎ ተደበቀ እንዳይሉት ብዙም ሳያርፍ ተመለሰ። እኛ አገር ትዕግስት ፍሬዋ ጣፋጭ ነው እንላለን፤ የሮቢንሰንን ታሪክ ያነበበ ሰው ግን መራራውን ክፍል እየዘለለ ይህን ተረት የሚደግመው አይመስለኝም።

ጆን ራይት ደግሞ ጭንቀቱ በረታበት። ወደ ዝቅተኛው የትሯ ሪቪየር ክለብ ተላከ፤ በ1947 ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ተመለሰ። ራይት ደካማ አልነበረም። ታሪክ የሚያስታውሰው የተሳካለትን አንዱን ነው፤ ያው ሸክም የከበደበትን ሌላውን ይረሳዋል።

በዚያ ዓመት ሮቢንሰን ያስመዘገበው የምት አማካይ 0.349 ሲሆን ከሊጉ አንደኛ ነበር። ይህ ማለት ከመቶ ጊዜ 35 ያህሉን በትክክል መትቶ ቤዝ ደርሷል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በቤዝቦል ግን ከአሥር ሦስቱን የመታ ጎበዝ ይባላል። 113 ነጥብ አስቆጠረ፣ 40 ቤዝ ሰረቀ። ሮያልስ 100 ጨዋታ አሸንፎ በሊጉ አንደኛ ወጣ።

ሉዊቪልና የመጨረሻው ሩጫ

የሊጎቹ አሸናፊዎች በሚገናኙበት የፍጻሜ ውድድር ሮያልስ የደረሰው ከኬንታኪው ሉዊቪል ኮሎኔልስ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ሉዊቪል ላይ ተደረጉ። እዚያ ወደ ስታዲየሙ የሚገባው ጥቁር ተመልካች ቁጥር ተወስኖ ነበር። ሮቢንሰን ዱላ በያዘ ቁጥር የነበረው ጩኸትና ስድብ ከዚያ በፊት ካየው ሁሉ የባሰ ነበር። እሱም እንደወትሮው መምታት አቃተው። ሮያልስ አንዱን አሸንፎ ሁለቱን ተሸነፈ።

ወሬው ሞንትሪያል ደረሰ። ክለቡ ወደ ደሎሪሚየር ስታዲየም ሲመለስ የሞንትሪያል ሰው ተናዶ ጠበቀ። የሉዊቪል ተጫዋች ኳስ በነካ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ይጮህበት ጀመር። ብድር መመለስ ነው፤ የሚደገፍ ነገር ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን አስቡት፣ የነጮች ከተማ ስለ አንድ ጥቁር ልጃቸው ተበሳጭቶ ሌሎች ነጮች ላይ ሲጮህ! በአራተኛው ጨዋታ መደበኛው ዙር በእኩል አልቆ በተጨማሪው የማሸነፊያዋን ነጥብ ያስገባችው የሮቢንሰን ምት ነበረች። ሮያልስ ቀሪዎቹን ጨዋታዎች አሸንፎ ኦክቶበር 4 ቀን 1946 ዋንጫውን ወሰደ።

ከጨዋታው በኋላ ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄድም አለ። ሮቢንሰን እስኪወጣ ጠበቀ፤ ሲወጣ ትከሻው ላይ ተሸከመው፣ አቀፈው፣ ሳመው። የሚሄድበት ጉዞ ስለነበረው ከመሃላቸው አምልጦ መንገድ ለመንገድ ሮጠ፤ እነሱም ተከተሉት። በማርች ሳንፎርድን ለቆ የወጣው ሊጎዱት የሚፈልጉ ሰዎች ፈርቶ ነበር። በኦክቶበር የሸሸው ደግሞ ከሚወዱት ሰዎች ነው። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ሽሽት ሸሸ።

ከዚያ በኋላ

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ባጭሩ ልለፈው። ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በብሩክሊን ማልያ በትልቁ ሊግ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ1949 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በ1955 ከዶጀርስ ጋር የዓለም ሲሪዝ ዋንጫን አነሳ። ቃል የገባበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ዝም አላለም፤ ከዳኛም ከጋዜጠኛም ጋር ይከራከር ነበር። ከ1956 በኋላ ጫማውን ሰቀለ፤ በ1962 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። ለሲቪል መብት ትግሉ ገንዘብ አሰባሰበ፣ ሰልፍ ወጣ። በ1971 የበኩር ልጁን በመኪና አደጋ አጣ። እሱም በስኳርና በልብ ሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ ኦክቶበር 24 ቀን 1972 በ53 ዓመቱ አረፈ። በ1997 የሱ 42 ቁጥር በሜጀር ሊግ ክለቦች ሁሉ ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ ተወሰነ።

ታችኛዎቹ ሊጎችስ? በ1953 ሃንክ አሮን የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት በደቡብ ሊግ ተጫውቶ የሊጉ ኮከብ ሆነ። የተጫወተበት ከተማ ማን ይመስላችኋል? ጃክሰንቪል፣ ያ በ1946 ስታዲየሙን የቆለፈው ከተማ። በአንጻሩ ሰዘርን አሶሲዬሽን የሚባለው የደቡብ ሊግ በሩን አልከፍትም እንዳለ ከ1961 በኋላ ራሱ ተዘጋ። ሞንትሪያል ሮያልስም አልቀረለትም፤ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ወሰደ፣ ዶጀርስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፣ ክለቡ ከ1960 ውድድር በኋላ ፈረሰ። ስታዲየሙም ፈርሶ ቦታው ላይ ትምህርት ቤት ተሠራ። የዴ ጋስፔው ቤት ግን ቆሟል፤ በ2011 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፎበታል።

መደምደሚያ

መግቢያው ላይ የራሴ ምክንያት አለኝ ብዬ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለክረምት ወደ ትውልድ ከተማዬ ሄጄ የከተማችንን ክለብ ጨዋታ ለማየት ገባሁ። ከእንግዳው ክለብ 6 ቁጥር ለባሽ የነበረ ተከላካይ የእጅ ውርወራ ሊወረውር እኛ ወዳለንበት ጥግ መጣ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በመጣበት ብሔረሰብ ሰደብነው። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አላየንም። ኳሷን በማልያው ጠረገ፣ ወረወረ፣ ሄደ። እኛ ሳቅን። ማታ ሻይ ቤት ገብተን አወራነው፣ ረሳነውም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔም ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰኝ የሰራኪዩሱ ድመት ነው። ያኔ ዝም ማለቱን እንደ ሽንፈት ቆጥሬው ነበር። አሁን ሳስበው ልጁ ያን ቀን ምን ያህል ነገር እንደዋጠ፣ ማታስ እህል ወርዶለት እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ሮቢንሰን ስንጽፍ ሁላችንም ራሳችንን በሱ ቦታ ማስቀመጥ እንወዳለን። እኔ ግን ሐቁን ልናገርና፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የኔ ቦታ ሜዳው ላይ ሳይሆን ተመልካቹ መሃል ነው። እኛ አብዛኞቻችን ያለነው እዚያ ነው። የዴ ጋስፔ ሴቶች ኳስ አልመቱም፤ የራሽን ካርድ ነው ያካፈሉት። ግን ያንን ዓመት ሮቢንሰን እንዲወጣው ያደረጉት እነሱም ናቸው።

በሚቀጥለው ክረምት ወደ ከተማችን ስመለስ ያ ክለብ እንደገና የሚመጣ ከሆነ እዚያው ጥግ እቆማለሁ። 6 ቁጥሩ ልጅ ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ከመጣ ግን ከጨዋታው በኋላ በሩ ላይ ጠብቄ እጁን ልጨብጠው አስቤያለሁ። ከኋላዬ ጓደኞቼ ምን እንደሚሉኝ ከወዲሁ አውቀዋለሁ።